ያው ለቅሶ

ጥቅምት 4
የመበለቷን ጥቁር ቀሚስ ጎኑን ተርትሬ ሳሰፋ ዋልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ። መሪ ተዋናይቷ በየሳምንቱ ትወፍራለች፣ ጥፋተኛው ግን የእኔ መርፌ ነው። "እትዬ፣ ጨርቁ ይሸበሸባል እኮ!" ጨርቁስ ምን ያድርግ?

አዘጋጁ መድረክ ላይ ሲሰብክ እስከ ልብስ ክፍሉ ይሰማል። "ቴአትር የሕይወት ትምህርት ቤት ነው! እዚህ መዋሸት አይቻልም!" እሱ ከስንተኛ ክፍል ወድቆ እንደወጣ እንጃ።

ጽሑፉን ግን ወድጄዋለሁ። እንደ ልማዴ እየሰፋሁ አነበብኩት። መጨረሻው ላይ ሴትየዋ የባሏ አስከሬን አጠገብ ቆማ... "ታለቅሳለች" ይላል። በቃ። ሌላ ምንም።

ጥቅምት 11
መሪ ተዋናይቷ ጥላ ወጣች። ፖስተሩ ላይ ፊቴ አነሰ ብላ። ያን የሚያህል ፊት!

አዘጋጁ እየሮጠ መጣ። "እትዬ፣ ቃሉን በሙሉ ታውቂዋለሽ አሉ።"
"ማንበቡን አነበዋለሁ እንጂ..."
"ባልሽ ሞቷል አይደል? በቃ፣ ከዚያ አውጪው!"

ባሌ ኪስ ውስጥ የተረሳ መሐረብ ይመስል።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ የሌላውን ስንፍና ሳይ ስንት ዘመኔ...

ጥቅምት 15
አለቀስኩ። ልምምዱን የሚያዩት ሁሉ ቀና አሉ። ሬሳ ሆኖ የተኛው ልጅ እንኳ አንድ ዓይኑን ገለጠ። አዘጋጁ እንባውን እየጠረገ፣ "ይሄ ነው እውነት! ይሄ በትምህርት አይገኝም!"

ደንቆሮ። በደንብ ይገኛል። ከሆስፒታል በተደወለልኝ ጠዋት፣ ጎረቤት ሳይሰበሰብ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ተለማምጄዋለሁ። መጀመሪያ ዝቅ አድርጎ ማቃሰት፣ ከዚያ ስሙን መጥራት፣ ከዚያ ጉልበት መክዳት። ሁሉም "ይቺስ ተከትላው ትሄዳለች" አለ።

ባሌ ውጭ ሳቂታ ነበር። ቤት ሲገባ ድንጋይ። ስበላ ድምፅ ከሰማ ሳህኑን ገፍቶ የሚነሳ፣ ወር ሙሉ የሚያኮርፍ። ሲሞት ቀለለኝ። ቢሆንስ? ሰው ሞቶ ቀለለኝ ይባላል? ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም።

ጥቅምት 19
ልጄ ደወለች። "እማ፣ ልትተውኚ ነው አሉ! ከፊት ነው የምቀመጠው።"

አባቷ የሞተ ቀን ትዝ አለኝ። ያን ቀን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ ቀሚሴን ይዛ አጠገቤ ቆማ ነበር። ጆሮ አይረሳም። አሁንም ለሰው ሁሉ "እናቴ ለአባቴ እንዳለቀሰችለት..." እያለች ታወራለች። ያንኑ ለቅሶ መድረክ ላይ ብትሰማው?

ጥቅምት 22
ሌላ ለቅሶ ሞከርኩ። ቀጠን ያለ፣ ቁጥብ። አዘጋጁ ዘለለ። "እትዬ፣ ይሄ ውሸት ነው! የበፊቱን፣ እውነተኛውን!"

ወተትና ኖራ የማይለይ ሰው ሰው ያስተምራል። ምን ላድርግ? ሌላ ለቅሶ የለኝም።

ጥቅምት 25
ቀሚሱን በልኬ አጠበብኩት። ነገ ነው።

ጥቅምት 27
ትናንት... ልጄ ከፊት ረድፍ፣ አንገቷን አስግጋ። አስከሬኑ ጋ ደረስኩ። አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። አይ፣ አላወጣሁትም።

ወንበር ሳብኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። "ባሌ" ያስተረፈውን ደረቅ ዳቦ ከትሪው ላይ አንስቼ በላሁ። ቅርፊቱን እየኮረሸምኩ። እስከ መጨረሻው።

ከመጋረጃ ጀርባ "አልቅሺ! ኧረ አልቅሺ!" ይላል አዘጋጁ። ከተመልካቹ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አኮረፈ። ሲዘጋ ግን ሁሉም አጨበጨበ። መጋረጃ ከተዘጋ ያጨበጭባሉ፣ ምን ገዷቸው።

"ገደልሽኝ እኮ!" አለኝ አዘጋጁ።
"አንተም ከዚያ አውጣው" አልኩት።

ልጄ ልብስ ክፍሉ ገብታ በሩን ዘጋች። የተሰቀሉት ቀሚሶች መሃል ቆመች።
"እንዲህ ነበር የበላሽው" አለች። "ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ። ኩሽና ውስጥ፣ መብራት ሳታበሪ። በሩ ጋ ቆሜ ነበር።"
የያዝኩትን ቀሚስ አስቀመጥኩ። "ታዲያ... 'እናቴ እንዳለቀሰችለት' ስትይ የኖርሽው?"
"አንቺ እንድትሰሚ ነዋ። አወቁብኝ ብለሽ እንዳትሳቀቂ።"

ይህን ሁሉ ዓመት ስትተውን የኖረችው እሷ፣ ያመንኩት እኔ። አዘጋጁን ደንቆሮ ስለው ነበር። እሱስ የተታለለው ለጥቂት ቀን ነው።

ኅዳር 2
አዘጋጁ ለጋዜጠኛ ሲያወራ ሰማሁት። "የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ለቅሶውን ትቼ ዝምታን መረጥኩ።" መርጦ! ዳቦውንም ጋግሬያለሁ አለማለቱ ደግ ነው። በየምሽቱ ግን ትሪው ላይ ደረቅ ዳቦ አያጓድልብኝም።

የተረፈውን ይዤ ቤት ገባሁ። ልጄ ለራት መጥታ ነበር። ቁጭ ብለን ኮረሸምነው፣ ሁለታችንም። የአባቷ ፎቶ ከግድግዳው ላይ ያየናል።

"ይሰማዋል፣ እማ" አለች፣ አፏ እንደሞላ።
"ይስማ" አልኳት።