ያላረገዝኩት እርግዝና ከስሜ ይነሳልኝ

ለሴቶችና እናቶች ክሊኒክ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ማክሰኞ ጠዋት፣ ክሊኒኩ ሳይከፈት

አመልካች፦ በመዝገባችሁ ነፍሰ ጡር፣ በእውነቱ ግን ልብስ ሰፊ

ጉዳዩ፦ በስሜ የተመዘገበው እርግዝና ወደ ትክክለኛዋ ባለቤት እንዲዛወርና እሷም ጊዜው ሳያልፍባት የጽንስ ማቋረጥ ሕክምና እንድታገኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ዕድሜዬ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ባለትዳር፣ የሦስት ልጆች እናትና የአንድ ልጅ አያት ስሆን፣ በዚህ በስደት አገር ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ ባለችው ሱቄ ዚፕ በመቀየርና ሱሪ በማሳጠር የምተዳደር ሴት ነኝ። የወር አበባዬ ከተሰናበተኝ ዓመታት አልፈዋል፤ ሲሄድም ተመልሼ እመጣለሁ አላለኝም። ይህን ለማላውቀው ሰው መጻፍ እንደሚያሳፍር አላጣሁትም። ነገር ግን ክሊኒካችሁ ለባለቤቴ ከዚህ የባሰ ነገር ስለጻፈለት እፍረት የሚባል ነገር ከቤታችን አልቋል። ስለዚህ በግልጽ ብናገር እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ።

2. ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ከጥበቃ ሥራው ሲመለስ ስልኩን እንደ ሻማ ከፊቱ ይዞ ገባ። በመኖሪያ ፈቃድ ካርዴ ላይ የተመዘገበው የእሱ ቁጥር ስለሆነ የናንተ መልእክት የደረሰው ለእሱ ነው። «እንኳን ደስ አለዎት! ክትትልዎ ልዩ ጥንቃቄ ወደሚያሻቸው እናቶች ክፍል ተዛውሯል። ከባድ ዕቃ አያንሱ» ይላል። እኔ በዚያች ሰዓት የስፌት ማሽኑን ተሸክሜ ወደ መስኮቱ በማስጠጋት ላይ ነበርኩ። «አንቺ፣ አስቀምጪው!» ብሎ ጮኸብኝ። ትዳር ከያዝን ጀምሮ ማሽኑን ሲያነሳልኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ የኔው ባል ግን ምንም ሳይጨንቀው እርጉዝ አግብቶ ተገኘ። ነገሩን አስረድቼ እስክጨርስ ድረስ ለሥራ ባልደረቦቹ ደውሎ ነግሯቸው ነበር። እውነቱን ከሰማ በኋላም ትንሽ ቅር እንዳለው ከፊቱ አይቻለሁ። ባልደረቦቹ እስካሁን «አንበሳው» እያሉ ይጠሩታል፤ እሱም አላስተባበለም።

3. እውነቱ ይህ ነው። ያረገዘችው የእህቴ ልጅ ናት። ዕድሜዋ ሃያ አራት ነው። በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ትተኩሳለች፤ የምትኖረው ከኛ ጋር ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የላትም። እጅ አላት፣ እግር አላት፣ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ሳቅ ነበራት፤ ማህፀን እንዳላትም የናንተው ሐኪም በማሽን አይታ አረጋግጣለች። የጎደላት ወረቀት ብቻ ነው። መጀመሪያ ወደ ክሊኒኩ የመጣችው በራሷ ስም፣ በራሷ እግር ነበር። በሩ ላይ «ማንኛዋም ሴት ያለ ልዩነት ትስተናገዳለች» የሚል በትልቁ የተጻፈ አለ። ከሥሩ ደግሞ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት «መታወቂያ ያልያዘ አይገባም» ትላለች። የትኛውን እንደምታምን ግራ ገብቷት ጥበቃውን ብትጠይቀው፣ «እህቴ፣ ያለ ልዩነት ነው፤ ግን በመታወቂያ ነው» አላት። ሰውየውን አልወቅሰውም፣ የታዘዘውን ነው የተናገረው። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መንገድ ማለፍ ትታለች።

4. ካርዴን የሰጠኋት እኔ ነኝ። እሷ አልጠየቀችኝም፤ እኔ ነኝ ቦርሳዋ ውስጥ የከተትኩት። የራስን ካርድ ለሌላ ሰው መስጠት ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ፣ ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለስበታለሁ። በካርዱ ላይ ያለው ፎቶ የተነሳሁት ገና ወደዚህ አገር ስመጣ፣ ጥርሴም ፀጉሬም ሙሉ እያለ ነው፤ እህቴና እኔ ደግሞ አንድ ፊት ተካፍለን ነው የተወለድነው። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ፎቶውን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ «ግቢ» አለቻት። የትውልድ ዘመኑን አላየችም። ሐኪሟም መረመረቻት፤ ጊዜው ገና መሆኑን፣ ሕጉም እንደሚፈቅድላት በደግነት ነግራ ሐሙስ ነይ ብላ ቀጠረቻት። ያን ማታ ልጅቷ እህል በላች። እኔም ማሽኔ ላይ ተቀምጬ እግዚአብሔር ይስጥሽ እያልኩ ሐኪሟን መረቅሁ።

5. ፎቶ የማያይ፣ ቁጥር ብቻ የሚያይ አንድ ፍጥረት ግን በክሊኒካችሁ ውስጥ አለ። ኮምፒውተሩ የትውልድ ዘመኔን ቆጥሮ የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት እርጉዝ አገኘ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ ከኔ የበለጠ ሊያውቁት ይገባል። የልጅቷ የሐሙስ ቀጠሮ ተሰረዘ። መዝገቡ ወደ ልዩ ክፍል ተላከ። አንድ ስፔሻሊስት በባለቤቴ ስልክ ደውሎልኝ፣ በዚህ ዕድሜ ጽንስ መገኘቱ ብርቅ እንደሆነ፣ ይቋረጥልኝ ያልኩትም ከፍርሃት ሊሆን እንደሚችል፣ ስለዚህ ምንም ነገር ከመደረጉ በፊት የፊታችን ሐሙስ ጠዋት የሐኪሞች ቦርድ ፊት ቀርቤ ምክር መቀበል እንዳለብኝ ነገረኝ። «እማማ፣ ተስፋ አይቁረጡ፤ አብረን እንታገላለን!» አለኝ። «ከማን ጋር?» አልኩት። ሳቀ። ጥሩ ልጅ ይመስላል፣ እናቱም ደስ የሚላት ይመስለኛል። ነገር ግን እሱ በኔ ሆድ ተአምር ሲፈልግ የልጅቷ ጊዜ እየሄደ ነው። እሷ ደግሞ ሃያ አራት ዓመቴ ነው ብላ አፏን ከከፈተች ካርዱ የሷ እንዳልሆነ መናገሯ ነው።

6. ለምን ማቋረጥ ፈለገች የሚል ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። የጽንሱ አባት የሆቴሉ የመኪና ሹፌር ሲሆን፣ ዜናውን ከሰማ ጀምሮ መኪናው እንኳ በዚያ ሰፈር አልታየችም። ምክንያቷ ግን እሱ አይደለም። የኔን ሐሳብ የጠየቀኝ ሰው ባይኖርም፣ እኔ ቢወለድ ደስ ይለኝ ነበር። «እኔ አሳድገዋለሁ» ብዬ ነዝንዤያታለሁ። «አክስቴ፣ አንቺማ ታሳድጊዋለሽ። የምወልደው ግን እኔ ነኝ። እኔ አሁን ልጅ አልፈልግም፤ ስፈልግ እነግርሻለሁ። ደሞ ብፈልግስ የት ልውለደው? እዚያው ጥበቃው እግር ሥር?» አለችኝ። ለዚህ መልስ እርስዎ ካለዎት ይጻፉልኝ። ቢወለድም ባይወለድም የሚዘጋባት ያው አንድ በር ነውና። ክርክሩን ለማሳጠር ያህል፣ ሆዱ በመዝገባችሁ እንዳለው የኔ ከሆነ፣ እኔ ባለ ሆዷ በሙሉ ፈቃዴ ይቋረጥ ብያለሁ። የሷ ከሆነ ደግሞ እሷም ያንኑ ብላለች። ቦርዱ በየትኛውም በኩል ቢዞር ከዚህ ሌላ መልስ አያገኝም።

7. አሁን የማያስቀውን ልጻፍ። ከአትክልት ተራው ጫፍ ላይ «ማዘር ፋርማሲ» የምትባል ሴትዮ አለች። ፋርማሲዋ የእጅ ቦርሳዋ ነው። ወረቀት የሌላቸው ልጆች የሚሄዱት ወደሷ ነው፤ እሷ መታወቂያ አትጠይቅም። አንሶላ ስትተኩስ ከእህቴ ልጅ ጎን የምትቆም አንዲት ልጅ ነበረች፤ ዘፈን ስለምትወድ «ሬድዮ» ይሏት ነበር። ከቦርሳዋ ክኒን ገዝታ ዋጠች። ደሙ አልቆም ሲል ወደናንተ እንውሰድሽ ቢሏት፣ በሩ ላይ ይይዙኛል ብላ አልጋው ላይ ቀረች። እዚያው ሞተች። የእህቴ ልጅ የዚያችን ልጅ አንሶላ አጥባለች። ከሳምንት በፊት የናንተ ቀጠሮ የተሰረዘ ዕለት፣ በእህቴ ልጅ የሥራ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ያንኑ ክኒን አገኘሁት። ሽንት ቤት ጣልኩት። ሌላ ትገዛለች ብዬ ስለፈራሁ፣ አሁን ጠዋት ወደ ሱቅ ስሄድ በሩን ቆልፌባት ነው የምሄደው፤ ለሆቴሉም አሟታል ብያለሁ። የኢሚግሬሽን ፖሊስ እስካሁን አልያዛትም፤ የያዝኳት እኔ ነኝ። ቁልፉ ጡቴ ሥር ነው፤ ስሰፋም ይቆረቁረኛል። አታናግረኝም። በጣም ፈርቻለሁ፣ ክቡር ኃላፊ።

8. የፈራሁትን በግልጽ ላስቀምጠው። ይህች ልጅ ደም ፈሷት ወደ ክሊኒካችሁ ብትመጣ የምትመጣው በኔ ካርድ ነው። ብትሞትባችሁ የሞተችው የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ልብስ ሰፊ ትሆናለች። የሃያ አራት ዓመት ልጅ አልሞተችባችሁም። በወር ሪፖርታችሁም ላይ ማንም አይደነግጥም፣ በዚያ ዕድሜ አርግዛ ምን ልትሆን ኖሯል ይባላል። ለባለቤቴ የሐዘን መልእክት ትልኩለታላችሁ፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ የራሴን መርዶ አብሬው አነባለሁ። እህቴ ግን አገር ቤት ሆና ልጄስ ብላ ስትደውልልኝ የማሳያት መቃብር እንኳ በልጇ ስም አይኖርም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለዚህ ነው።

9. ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ መዝገቡ ከልዩ እናቶች ክፍል ወጥቶ መጀመሪያ ወደ መረመረቻት ሐኪም እንዲመለስ፣ ልጅቷም ጊዜው ሳያልፍባት እንድትታከም። ስሟን እዚህ አልጽፍም። ሐኪሟ ፊቷን ታውቀዋለች፣ ለሕክምና የሚያስፈልገው ደግሞ ገላዋ ነው።

ሁለተኛ፣ ያቺ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት እንድትነሳ። መንቀያ ከጠፋ የኔን መቀስ ይዤ እመጣለሁ። የሚቀጥለው ሰው ባለ ካርድ ዘመድ ላይኖረው ይችላል፤ ሬድዮ አልነበራትም።

ሦስተኛ፣ የእንኳን ደስ አለዎት መልእክት እንዲቆም ልጠይቅ ነበር። ነገር ግን ባለቤቴ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ውሃ እየቀዳ፣ ወለል እየጠረገ ስለሚገኝ ይህን ጥያቄ ለጊዜው ትቼዋለሁ።

10. ካርዴን በማዋሴ የሚመጣብኝን ቅጣት አልሸሽም። ፈቃዴን ልትነጥቁኝ እንደምትችሉ፣ ፖሊስም ልትጠሩብኝ እንደምትችሉ አውቃለሁ፤ ባለቤቴም «ዝም አይነቅዝም፣ ተይው» ብሎ ለምኖኛል። ዝም ባልኩ ቁጥር ግን እቤት የቆለፍኩባት ልጅ ትታየኛለች። ለአቤቱታ መልስ የሚሰጠው በደብዳቤ እንደሆነ ጥበቃው ነግሮኛል፤ እርግዝና ግን ደብዳቤ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። በመሆኑም ሐሙስ ጠዋት ልጅቷና እኔ እንመጣለን። ቦርዱ ፊት የምቀርበው እኔ ነኝ፤ ባለ መዝገቧ እኔ ነኝና ማንም በር ላይ ሊያቆመኝ አይችልም። እሷንም አስታማሚዬ ናት ብዬ ይዣት እገባለሁ። አልጋው ላይ እወጣለሁ፣ ቀሚሴን እገልጣለሁ፣ ማሽናችሁን ሆዴ ላይ አድርጋችሁ እስኪደክማችሁ ፈልጉ። እዚያ ሦስት ልጅ ያረፈበት ቆዳ እንጂ ሌላ አታገኙም። ያን ጊዜ እርጉዟ ሴት ከአልጋው አጠገብ ቦርሳዬን ይዛ የቆመችው መሆኗ ይገባችኋል። ፖሊስ ለመጥራት ከፈለጋችሁም ጥሩ። እኔ የትም አልሄድም፣ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ እሷን አክሟት፤ ከዚያ እኔን እሰሩኝ። ቅደም ተከተሉን ብቻ አደራ።

ሐሙስ በአካል እስክንገናኝ፣ ከሰላምታ ጋር

ልብስ ሰፊዋ
(ፊርማዬ ካርዱ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው፤ ማመሳከር ይቻላል።)