ሳልፈርም ያቆየሁት ቅጽ

ጥቅምት 6
የሕንጻው ሊፍት ዛሬም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመ። ማንም ሳይለምነኝ ወርጄ ነካካሁት፤ ሠራ። አርባ ዓመት ሊፍት ስጠግን ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ሰው አገር መጥቼም ያው ሊፍት። ከታች ያለችው ጡረተኛ መምህርት «እጅዎ ይባረክ» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ለምን ይዋሻል።

ባለቤቴ የመጋረጃውን ጫፍ ልትሰፋ ተቀምጣ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ የነበረች ሴት! «የዘንድሮ መርፌ ሠሪዎች ቀዳዳውን አጥብበውታል» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ጥቅምት 19
ሻዩን ከስኒው ውጭ ቀዳችው። ጠረጴዛው ላይ። ጨርቅ አምጥታ ጠረገችው።

«በግራ ዓይኔ ጭጋግ አለ» አለች። ከመቼ ጀምሮ? «ቆየ እኮ... ያልፋል ብዬ ነው።» ከዚያ ደግሞ፣ «ሐኪም ቤት እንሂድ እንጂ። የሕክምናው ምዝገባ ካለቀ ምን ያስፈራናል?»

ተነሥቼ ሌላ ሻይ ቀዳሁላት።

ጥቅምት 20
እዚህ ላይ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ልንመጣ ስንል፣ የጡረታ ቢሮዋ ሴትዮ ቅጽ ሰጠችኝ። «የሁለታችሁንም ስም ሞልተው ይፈርሙ። እዚያ እንደ አገሬው ሰው ትታከማላችሁ፤ ወጪው የእኛ ነው። ካልፈረሙ ግን እዚያ እንግዳ ናችሁ።» በደንብ ነው ያስረዳችኝ። አልገባኝም ነበር ማለት አልችልም።

ከቅጹ ግርጌ አንድ መስመር፦ «ከዚህ አገር በቋሚነት ለቅቄያለሁ።» እሱን መፈረም አቃተኝ። የታላቅ ወንድሜን ቤት አድራሻ ሰጥቼ በወረቀት እዚያው ቀረሁ። ለእሷ «ጨርሻለሁ» አልኳት። መምጣቱን የፈለገችው እሷ ነበረች፤ ሙቀቱ ለጉልበቷ ይሻላል፣ ባሕሩ... እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ መውጣት ፈለግሁ። ይኸው ነው።

ኅዳር 2
ክሊኒክ ሄድን። መዝጋቢዋ ኮምፒውተሩን አየችና «ስማችሁ የለም። እንግዳ ከሆናችሁ የምናክማችሁ ድንገተኛ ሲሆን ብቻ ነው» አለች።

«ስህተት ይሆናል ልጄ» አለቻት ባለቤቴ። «ባለቤቴ ጨርሶታል። እሱ ነገር አያንጠባጥብም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ... «አዎ፣ ስህተት ይሆናል» አልኩ። በገዛ አፌ።

በግል ሐኪም? ዋጋውን ሲነግሩን ተያይተን ወጣን።

ኅዳር 5
ለወንድሜ ደወልኩ። «ቅጹን እንዳትልክ! ከላክህ ስምህ ከዚህ የነዋሪ መዝገብ ይፋቃል። ሰው አለኝ፣ ሌላ መላ ይፈልግልሃል። ሁለት ሳምንት ታገስ» አለኝ።

ታገስኩ። ዓይኑ የእኔ ስላልሆነ ነው እንዴ መታገሥ የቻልኩት?

ለእሷ «እያስተካከሉት ነው» አልኳት።

ኅዳር 17
የወንድሜ ሰው ምንም መላ የለውም። ዛሬ ፈርሜ ላክሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሁለት ደቂቃ!

ታኅሣሥ 23
የምዝገባው ደብዳቤ ከትናንት ወዲያ ደረሰ፤ ዛሬ ዓይን ሐኪሙ ዘንድ ገባን። ብዙ አየ፣ ትንሽ ተናገረ። የዓይን ግፊት ነው። ቀኙን በቀዶ ሕክምና ያተርፉታል።

«ግራውስ?» አለች።

«እናቴ፣ ግራው አይመለስም። ከሁለት ወር በፊት ብትመጡ ምናልባት...» አልጨረሰውም። ያቺን «ምናልባት» ይዤ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 25
ደብዳቤውን ወስዳ መምህርቷን አስነብባታለች። ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ማመልከቻው የገባው ኅዳር 17 ነው ይላል። የዘንድሮ ኅዳር።»

ሁሉንም ነገርኳት። ስለዚያች መስመር፣ ስለ ወንድሜ፣ ስለ ሁለቱ ሳምንት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። ብትጮህ በወደድኩ።

«እንመለስ ብትለኝ እኮ እመለስልህ ነበር» አለች። «አንድ ቀን አፍ አውጥተህ ብትለኝ።»

ስፌት ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ጥር 3
ዛሬም ስፌት ክፍሉ ነው የምታድረው። እራት በላን። «ጨው አቀብለኝ» አለችኝ፤ ሌላ የለም።

ጥር 14
የቀኙ ቀዶ ሕክምና ተሳካ። ዛሬ ማሰሪያው ተፈታ፤ ታያለች። በእነዚህ ሳምንታት ያወራነው ስለ ዓይን ጠብታና ስለ ሰዓት ብቻ ነው።

ጠዋት ወንድሜ ደውሎ ስሜ ከዚያ መፋቁን ነገረኝ። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው። ግን... ይህን ነው ያን ሁሉ የፈራሁት? ይህችኑ?

ከሆስፒታሉ ስንወጣ እንደ ልማዴ በግራዋ ሄድኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በግራዋ ነው የምሄደው። ቆመች።

«ወደ ቀኜ ዙር።»

«ለምን?»

«በዚያ በኩል አላይህም። ከእንግዲህ ላይህ እፈልጋለሁ።»

ጠርጥራኝ ይሆን? ወይስ...? አልጠየቅኋትም። ዞርኩ። እስከ ቤት በቀኟ ሄድኩ።