ጥቁሩና ነጩ ጢም፦ የቀዛፊው ሳቬሊ ሉኪያኖቭ የሕይወት ታሪክ

አያታችን ሳቬሊ ሉኪያኖቭ፣ ዳኑብ ወንዝ ባሕር ሊገባ ሲል በሚበታተንበት በዚሁ የሸምበቆ መንደራችን፣ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከሉኪያንና ከእናታቸው ከአንፊሳ እ.ኤ.አ. በ1951 ተወለዱ። መቼም እኛ ጋ መንገድ የሚባል የለም፤ ትምህርት ቤትም ቤተ ክርስቲያንም የሚሄዱት ታንኳ እየቀዘፉ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ዓሣ የሞላ ታንኳ ነፋስ ፊት ለፊት እየገፋቸው ሽው ሲያደርጉት ከከተማ የመጣ አሰልጣኝ አያቸው። "ዓሣህን አራግፍና ከእኔ ጋር ና" አላቸው። ሄዱ።

እዚህ ላይ፣ ከከተማ አበባ ይዛችሁ ለመጣችሁ እንግዶች አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የጠየቀ የለማ። እኛ ሊፖቫኖች፣ ጥንት በሃይማኖት ምክንያት ከሩሲያ የተሰደድን የአሮጌው ሥርዓት ክርስቲያኖች፣ ዘንድ ወንድ ልጅ ጢሙን አይላጭም። ግድ ሆኖበት ከተላጨም ፀጉሩ ይቀመጥና ሲሞት አብሮት ይቀበራል። ወዲያ ማዶ "ጢምህስ?" ሲባል የሚያሳየው እንዲኖረው ነው።

አሰልጣኙ የወሰዳቸው የመንግሥት ክለብ ደግሞ ቀዛፊን ሁሉ እንደ ወታደር ነበር የሚይዘው። አሰልጣኙ "አንተ ቄሱ! ልትቀዝፍ ነው ወይስ ልትቀድስ? ነገ ተላጭተህ ና!" አላቸው። አባታቸው ሉኪያን ደግሞ ቀድመው "ፊትህን ልጠህ ደጄን እንዳትረግጥ" ብለዋቸዋል። አያታችን ተላጩ። አንዲት ፀጉር ሳትወድቅ ጥቁሩን ጢም በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አድርገው ለእናታቸው ላኩ። አንፊሳም ከቤቱ ቅዱስ ሥዕል ጀርባ አስቀመጡላቸው።

በ1973 በአንድ ሰው ታንኳ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፤ በዓመቱ ደገሙት። መንደርተኛው ሉኪያንን "እንኳን ደስ አለዎት!" ሲላቸው "ለማን? እኔ እንዲህ ያለ ፊት ያለው ልጅ አላውቅም" ይሉ ነበር። በ1975 ሳይታረቁ ሞቱ። ክለቡ "ልምምድ አለ" ብሎ አያታችንን ለአባታቸው ቀብር እንኳን አልለቀቃቸውም። ከዚያ ወዲህ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አባታቸው ጎን ተቀብረው፣ ጢማቸውን ይዘው፣ "አባዬ፣ እኔ ነኝ" ማለት።

ቀዛፊ የሚቀዝፈው በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ነው። ያ ጉልበት በ1977 አላጠፍ አለ። ክለቡም የግድግዳ ሰዓት ሰጥቶ ሸኛቸው፤ ሰዓቱም ገና ቤት ሳይደርስ ቆመ። ጢማቸውን አሳደጉ፣ ዓሣ ማጥመድ ጀመሩ፣ በ1978 አያታችንን ኤቭዶኪያን አግብተው ፓራስኬቫንና ኒኪፎርን ወለዱ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መስገድ ስላቃታቸው ግን ሽማግሌዎቹ "ለመንግሥት ሲንበረከክ ጉልበቱ ደህና ነበር!" እያሉ አሽሟጠጧቸው። አንዳንዶቻችሁ ዛሬም እዚህ አላችሁ። እሳቸውም አርባ ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆመው አስቀደሱ።

ሜዳሊያዎቻቸውን የሚያስቀምጡት እዚያችው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከጢሙ ጋር ነበር። በ2016 ከከተማ ሰዎች መጥተው "ለኤግዚቢሽን ነው፣ እንመልሳለን" ብለው ከነቆርቆሮው ወሰዱት። እውነትም መለሱት። ሜዳሊያዎቹ አሉ፤ ቆርቆሮው ታጥቦ ያብረቀርቃል።

"ፀጉሩስ?" አሉ አያታችን።

"እሱማ ቆሻሻ ነበር አባት፣ አጸዳንልዎት።"

የወደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው "አሁን አባቴ በምን ያውቀኛል?" አሉ። ኤቭዶኪያ ግን "አንተ ሽማግሌ፣ ነጩ አገጭህ ላይ ተንዠርግጎ የለም እንዴ? እሱን ይዘህ ትሄዳለህ!" አሏቸው።

በ2023 በጉሮሮ ካንሰር ታመሙ። መድኃኒቱ ነጩንም ጢም አረገፈው። ኤቭዶኪያ በየማለዳው ከትራሱ ላይ አንድ በአንድ እየለቀሙ ያቺው ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱት። ነርሷ "እማማ፣ ይሄን ልጣልልዎት?" ስትል "እጅሽን ሰብስቢ!" ብለው አስደነገጧት። አያታችን በመጋቢት 2024 አረፉ።

ትናንት ሽማግሌዎቹ "ጢም የሌለው ሰው ከሉኪያን ጎን?" ብለው አጉረመረሙ። ኤቭዶኪያ ቆርቆሮውን ለቄሱ ለአባ ቴሬንቲ ሰጡ። አባ ከፍተው አዩት፣ መልሰው ከደኑት፣ "ከአባቱ ጎን ቆፍሩ" አሉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ክለቡ ለዚህ ወረቀት የተላጩበትን ፎቶ ልኮ ነበር፤ አላወጣነውም። ሜዳሊያዎቹንም ከፈለገ ይውሰድ፣ ቆርቆሮው ግን ደረታቸው ላይ ነው። ነጩን ይዘዋል። ስለ ጥቁሩ ከተጠየቁ፣ የጣሉት ይመልሱ።

ጌታ ሆይ፣ ሳቬሊን ጉልበት በማያምበት አሳርፍልን። ሉኪያንም ልጃቸውን ይወቁልን። አሜን።