ጉበቴና የላክሽልኝ ዱቄት

ይድረስ ለእማዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ የምግብ ፍላጎትሽ እንዴት ነው? አባዬስ ሳሉ ለቀቀው ወይ? እህቴስ በርትታ ትማራለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ደህና ነኝ ብቻ ብዬ ብጽፍ አንቺ እንደሆንሽ አታምኚኝምና ሁሉንም ልንገርሽ።

የፊቴ ብጉር እንዴት እንዳስመረረኝ ታውቂያለሽ። የምሠራበት ጫማ ቤት ባለቤት ለጊዜው ደንበኛ ፊት አትቁም ብሎ ከሽያጭ ወደ መጋዘን አወረደኝ። ካርቶን ስደረድርና ቁጥር ስፈልግ እውላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አልቅሻለሁ፤ አሁን ምንም አይመስለኝም።

የቆዳ ሐኪም ጋ ሄጄ ጠንከር ያለ እንክብል አዘዘችልኝ። ከመጀመሬ በፊት ደሜን አስመረመረችኝ። መድኃኒቱ ጉበት ሊነካ ስለሚችል በየጊዜው ደም ካልሰጠሁ እንደማትቀጥልልኝ፣ መጠጥም እንዳልቀምስ ነገረችኝ። መጠጡን እንኳ ታውቂኛለሽ፣ ሽታው ራሱ ያዞረኛል። ከንፈሬ ደርቆ ቢሰነጣጠቅም ፊቴ መጥራት ጀመረ። አብሮኝ የሚኖረው ፀጉር አስተካካይ አሁንማ ሙሽራ መሰልክ እያለ ያሾፍብኛል። የጫማ ቤቱ ባለቤትም አይቶኝ ወደ ሽያጭ እመልስሃለሁ አለኝ።

በዚያው ሰሞን የጉበቴ ውጤት ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሟ እንክብሉን አስቆመችኝና ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። ደግማ ጠየቀችኝ፣ ደግሜ የለም አልኳት። እውነቴን ነበር፤ አንቺ የላክሽልኝን ነገር መድኃኒት ብዬ አስቤው አላውቅም። ቅጠላ ቅጠልስ፣ ከቤት የተላከልህስ ስትለኝ ነው ደም ያጠራል ብለሽ የላክሽልኝ፣ በውሃ በጥብጬ የምጠጣው ዱቄት ትዝ ያለኝ። ወስጄ አሳየኋት። ምን ምን አለበት አለችኝ፤ እናቴ ታውቃለች አልኳት።

እንክብሉ ይሁን ዱቄቱ ወይስ ሁለቱ አንድ ላይ፣ ለጊዜው መለየት አይቻልም ብላኛለች። ሁለቱንም ትቼ ደሜ እንደገና እስኪታይ እጠብቃለሁ። ብጉሩ ግንባሬ ላይ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። ባለቤቱም ስለ ሽያጩ ዝም ብሏል። አልከፋኝም፣ ደስም አላለኝም፤ እንዲያው ደንዝዣለሁ።

እማዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። አስበሽልኝ እንደላክሽው ሐኪሟም ገብቷታል። ይህን የምጽፍልሽ ግን ስለ እኔ አይደለም። ዱቄቱን ሌላ ሰው ይጠጣዋል ወይ ብላ ስትጠይቀኝ አንቺ ፊቴ ላይ ድቅን አልሽ። እኔ ከጀመርኩት ገና ነው፤ አንቺ ግን እኔ ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ትጠጪዋለሽ። ባለፈው በስልክ ድካም ድካም ይለኛል፣ ምግብም አስጠልቶኛል ስትዪኝ ዕድሜ ነው ብለን ተሳሳቅን። ለዚህ ሁሉ ነገር ደንዝዤ እዚያ ላይ ፈራሁ። የእኔን ጉበት የምትከታተልልኝ ሐኪም አለች። ያንቺን ማንም አይቶት አያውቅም።

ዱቄቱን ዛሬውኑ ተዪው። እህቴ ሐኪም ቤት ትውሰድሽ፣ ዱቄቱንም ይዛችሁ አሳዩ። መርፌ እንደምትፈሪ አውቃለሁ፤ ለእኔ ስትዪ ክንድሽን ስጫቸው።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። አክስቴን ናፍቆሻል በዪልኝ፣ ልጆቿንም አንድ በአንድ ሳሚልኝ። እህቴን ደግሞ አደራ ብሎሻል በያት። የእኔ ውጤት በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል፤ አስቀድሜ መስማት የምፈልገው ግን ያንቺን ነው።

ልጅሽ
ከጫማ ቤቱ መጋዘን
ጥቅምት ፲፬ ቀን