ስላልተዋጠችው ሁለተኛ ፍሬ

ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኞ፣ በራችሁ እንደተከፈተ

አመልካች፦ የሟች አጎት፣ የስፌት መኪና ጠጋኝ

ጉዳዩ፦ የእህቴ ልጅ የሞተችው በመርዝ አለመሆኑ በጽሑፍ እንዲገለጽና በዚሁ ሰበብ ከሥራ የታገደችው ጓደኛዋ ነፃ እንድትባል ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

በደጃችሁ ጥላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉት አዛውንት ይህን ሊጽፉልኝ ወረቀት ዘርግተው ነበር። ነገሩን ስዘረዝርላቸው ግን «የወር አበባ የሚለውን የሴቶች ጉዳይ ብለን እንለፈው» አሉኝ። የእህቴን ልጅ የቀበርናት ሁሉም ሰው የሴቶች ጉዳይ እያለ ሲያልፈው ስለሆነ፣ እስክሪብቷቸውን ተውሼ እኔው ጽፌዋለሁ። ማንበብ የተማርኩት ከስፌት መኪና መመሪያ ነው። የተጣመመ ዓረፍተ ነገር ቢያገኙ መርፌው ጎብጦበት ነው ብለው ይለፉልኝ። ነውር የሚመስል ቃል ቢያገኙ ግን እባክዎ አይለፉት።

1. እኔ የተማሪዎች ዩኒፎርም በሚሰፋበት ስፌት ቤት መኪናዎቹን የምጠግን ሰው ነኝ። ሟች የታላቅ እህቴ ልጅ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ እኔው ቤት አደገች፤ ሥራ ስትይዝ ከጓደኛዋ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ወጣች። ሁለቱ ስፌት ቤቱ ውስጥም ጎን ለጎን ነበር የሚሠሩት። እኔ ሰውን በስሙ መጥራት አይሆንልኝም። የእህቴን ልጅ «ሚሊሜትር» እላት ነበር፤ የሰፋችው ኪስ የክር ውፍረት ያህል እንኳ ካዘነበለ ፈትታ እንደገና ትሰፋዋለች። ጓደኛዋን በምላሷ ምክንያት «መቀስ» አልኳት። እነሱም በፊናቸው «ጋሼ ዘይት» ብለውኛል፤ እጄን ቢያዩት ምክንያቱን አይጠይቁኝም።

2. በዚያ ስፌት ቤት ማንም ያልደነገገው አንድ ሕግ አለ፤ አንዷ የያዘችው ነገር ሁሉ ለሁለት ይከፈላል። ዳቦ ይከፈላል፣ ሳሙና ይከፈላል፣ በዝናብ ጊዜ አንድ ጃንጥላ ሁለት ትከሻ ያለብሳል። የራስ ምታት ኪኒን እንኳ በመቀስ ጫፍ ለሁለት ሰንጥቀው ሲውጡ አይቼ «ራሳችሁንም የሚያማችሁ ግማሽ ግማሹን ነው እንዴ?» ብያቸው ነበር። መቀስ ቀና ሳትል «ጋሼ ዘይት፣ የእኛ ራስ ምታት እኮ አንድ ነው፤ አለቃችን ነው» አለችኝ። አለቃው ራሱ ሳይቀር ሳቀ። ይህን የምጠቅሰው ለጨዋታ አይደለም፤ የዚህ አቤቱታ ነገር ሁሉ የተነሳው ከዚህ ሕግ ነው።

3. ሚሊሜትር እጮኛ ነበራት፤ የቤት ቀለም ቀቢ ነው፣ ጨዋ ልጅ። የልብስ ቅድ ትምህርቷን እስክትጨርስ ሠርጉንም ልጁንም ለማቆየት ተስማምተው ነበር። ኮንዶም ይጠቀሙ ነበር፤ አንድ ቀን ተቀደደባቸው። በማግስቱ ጠዋት ለመቀስ ነገረቻት። ራሷ ወደ መድኃኒት ቤት እንዳትሄድ ባለመድኃኒቱ የታላቅ ወንድሟ ጓደኛ ነው። ስለዚህ መቀስ ሥራ ሳትገባ ሄዳ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያውን ገዛችላት። ፈጥነው ነበር። እስከዚህ ድረስ ያጠፉት አንድም ነገር የለም።

4. ስለ መድኃኒት ቤቱ። እዚያ ይህን መድኃኒት የምትገዛ ሴት ካርቶኑን ይዛ አትወጣም። ቦርሳዋ ውስጥ ቢገኝ ማን ምን እንደሚላት ታውቃለችና ባንኮኒው ላይ ትተወዋለች፤ ባለመድኃኒቱም ከሥሩ ካለው ቅርጫት ይጨምረዋል። የአጠቃቀሙ ወረቀት እንደታጠፈ እዚያው ካርቶን ውስጥ ይቀራል። መቀስም እንደሌሎቹ አደረገች። ከኋላዋ ደግሞ የሚያውቃት የትምህርት ቤት ዘበኛ የሳል ሽሮፕ ሊገዛ ቆሞ ነበር። ባለመድኃኒቱ ለእሷው አዝኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሆነ ነገር ነገራት፤ እሷም እንዳይደግመው ብላ የሰማች መስላ ራሷን ነቀነቀች። ከቀብሩ በኋላ ሄጄ ምን ብሏት እንደነበር ጠይቄው ነበር። ጎንበስ ብሎ ቅርጫቱን ሳበና አሳየኝ። እስከ አፉ ሙሉ ነው። ሰውየውን ልከስ አልመጣሁም፤ ያን ቅርጫት እሱ ብቻውን አልሞላውም።

5. ማሸጊያው ሁለት ፍሬ ነበረው። ሚሊሜትር አንዷን ዋጠች። ሌላይቱን ከነማሸጊያዋ በክር መቁረጫ ቆርጣ ለመቀስ ሰጠቻት፤ «ይቺ ያንቺ ናት፣ ለክፉ ቀን ያዢያት» ብላ። ክቡር ኃላፊ፣ ልጅቷ በሥራዋ ለክር ውፍረት የምትጨነቅ ነበረች። ግማሹን የዋጠችው በቸልተኝነት አይደለም፤ ለጓደኛዋ ማስተረፏ ነው። መቀስም ፍሬዋን የልብስ ቁልፍ በምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተቻት።

6. ጊዜው ደርሶ ጥቂት ደም ባየች ጊዜ «መጣልኝ» ብላ መቀስን አቀፈቻት። ደሙ ከወትሮው ያነሰ፣ የጠቆረም ነበር፤ ሁለቱም ግን የመድኃኒቱ ጠባይ መሰላቸው። ቆይቶ በአንድ ጎኗ በኩል ሆዷን ይወጋት ጀመር። «መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው» አለች። መቀስ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ብትላት «ምን ብዬ? መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እኮ አግብተሻል ወይ ብለው ነው» አለቻት። በመጨረሻው ቀን ትከሻዋን ሲያማት ከመኪና ላይ ማጎንበስ ነው ብላ በፎጣ አሰረችው። ከምሳ በፊት ልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ ወደቀች። መቀስ በጀርባዋ አዝላ እስከ መኪና መንገድ አወጣቻት። እኔ ስደርስ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገብተዋት ነበር። ዓይኗን አላየሁትም።

7. ያከመቻት ሐኪም ደም የነካው ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር አጠገቤ ተቀምጣ አስረዳችኝ። ሦስት ጊዜ መልሼ ጠየቅኋት፣ ሦስቱንም ጊዜ ታግሣ መለሰችልኝ። ያለችው ይህ ነው፦ ልጅቷን የገደላት መድኃኒቱ አይደለም። እርግዝናው ከማህፀን ውጭ፣ እንቁላሉን ወደ ማህፀን በሚያመጣው ቱቦ ውስጥ ተፈጥሮ ቱቦው ፈንድቶ ደሟ ሆዷ ውስጥ ፈሰሰ። ይህ ደግሞ መድኃኒቱን የወሰደችም ጨርሶ ያላየችውም ሴት ላይ ሊደርስ ይችላል። ሁለቱ ፍሬዎች በአንድ ላይ መዋጥ ነበረባቸው፤ ግማሹ ብቻ ሲዋጥ የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። ሙሉው ተውጦም አልፎ አልፎ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ የወር አበባ ሲዘገይ ወይም ከወትሮው ሲለይ መመርመር ያስፈልጋል። «ጎኗን መውጋት በጀመራት ቀን ብትመጣ እናተርፋት ነበር» አለችኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር አራተኛ ጊዜ አላስደገምኳትም።

8. የሟች ታላቅ ወንድም «መርዝ አብልታ ገደለችብኝ» ብሎ መቀስን ለጽሕፈት ቤትዎ ከሷታል። አልፈርድበትም። እህቱ እንደዚያ ያለ መድኃኒት እንደሚያስፈልጋት መስማት ስላልቻለ፣ ጓደኛዋ ገደለቻት ብሎ መስማት ቀለለው። መቀስ ወደ ሐዘን ቤቱ ስትመጣ በሩ ላይ ቆሞ መለሳት። ሻርፗ መሬት ወድቆ ነበር፤ ሳታነሳው ሄደች፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት። የስፌት ቤቱ አለቃ ደግሞ «ከጤና ጽሕፈት ቤት ወረቀት ሳታመጪ እንዳትገቢ» ብሎ አግዷታል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣችም ቦታዋን ለሌላ እንደሚሰጥ ተናግሯል። እንግዲህ ያቺ ልጅ ያላት ሥራና የሰው ፊት በእርስዎ እጅ ነው።

9. በዚያ ሰሞን አንድ ቀን መቀስ ቤቴ መጣች። ገብታ ተቀመጠች፤ ብዙ አልተናገረችም። እኔም ወግ አላጣሁም ነበር፤ «ምላስሽን ለመሳል ሰጥተሽው ነው?» አልኳት። አልሳቀችም። የቁልፍ ቆርቆሮዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው፤ ከቁልፎቹ መካከል ሁለተኛዋን ፍሬ ለይታ ወደ እኔ ገፋቻት። «ጋሼ፣ መጸዳጃ ቤት ልጥላት ሄጄ ነበር» አለችኝ። «ከጣልኳት ግን ማን ያምነኛል? ግማሹን የሰጠችኝ እኮ እሷ ናት።» ቀጥላም «ያኔ ይቺንም አብራ ብትውጣትስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን እርስዎ እንዲመልሱላት አልጠይቅዎትም።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው የሚከተለውን ነው።

ሀ) ከዚህ ማመልከቻ ጋር ያያያዝኳት ፍሬ ተመርምራ መርዝ አለመሆኗ፣ የሆስፒታሉም ማስረጃ ታይቶ የሞቱ ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽ። ወረቀቱ ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ ለመቀስ እጅ እንዲሰጥ።

ለ) መድኃኒት ቤቶች ይህን መድኃኒት ሲሸጡ ካርቶኑ ቢቀር እንኳ አብሮ የሚሄድ፣ መዳፍ ውስጥ የሚደበቅ ትንሽ ወረቀት በሚነበብ ቋንቋ እንዲሰጡ፤ ከሰልፉ ገለል ያለ መነጋገሪያ ጥግም እንዲኖራቸው። ከሐኪሟ የሰማሁትን እንደሚከተለው አስፍሬአለሁ፤ ባለሙያዎችዎ ያርሙልኝ፦

«ማሸጊያው ሁለት ፍሬ ካለው ሁለቱንም ባንድ ላይ ዋጪ፤ አንድ ፍሬ ብቻ ያለውም ስላለ ጠይቂ። ለማንም አታካፍዪ። በፈጠንሽ ቁጥር የተሻለ ይሠራል፤ ሦስት ቀን ሳያልፍ ዋጪው፤ ካለፈሽም አምስተኛው ቀን ሳያልቅ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ሌላ አማራጭ አለ። ከዋጥሽው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽ መድገም ያስፈልግሻል። የቲቢ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ። ለሚቀጥለው ጊዜ አይከላከልልሽም፤ ከአባላዘር በሽታም አይጠብቅሽም፤ የያዘ እርግዝናም አያስወርድም። ማቅለሽለሽና ድካም ቢሰማሽ ያልፋል። የወር አበባሽ ከሳምንት በላይ ከዘገየ ወይም ከወትሮው ካነሰ ተመርመሪ። ሆድሽን፣ በተለይ በአንድ ጎን፣ አጥብቆ ካመመሽ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ። አግብተሻል ወይ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።»

ሐ) የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የእኔ ጭማሪ ነው። እውነት እንዲሆን በሥርዎ ላሉ ጤና ጣቢያዎች ትእዛዝ እንዲሰጡልኝ።

10. አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ከቢሮዎ እንዳይወጣ አደራ። አለቃው የመቀስን መኪና ለሌላ ሠራተኛ ሊሰጥ ሲነሳ ተበላሽቷል አልኩት። መለዋወጫ ታዟል፣ መንገድ ላይ ነው አልኩት። በየጠዋቱ ይጠይቀኛል፤ እኔም መኪናውን ፈትቼ እገጥመዋለሁ፣ በዘይት የተነከረ ጨርቅ ይዤም ራሴን እነቀንቃለሁ። ጎኑ ባለው የሚሊሜትር መኪና ላይ ግን አዲስ ልጅ ተቀምጣበታለች፤ በመርፌው ላይ የቀረውን ሰማያዊ ክር ያወጣሁት እኔ ነኝ።

የመቀስ መኪና ምንም አልሆነም። የሚያሽከረክረው ቀበቶ ኪሴ ውስጥ ነው። ወረቀቱ በእጇ በገባ ማግስት ጠዋት ይጠገናል።

ሐዘን ካልበረደው ሰላምታ ጋር፣

የሟች አጎት
(ፊርማ፤ ጠርዙ ላይ ያለው ነጠብጣብ ዘይት ነው)

አባሪ፦ ከነማሸጊያዋ የተቆረጠች አንድ ፍሬ መድኃኒት

ግልባጭ፦
ለሟች ታላቅ ወንድም
ለስፌት ቤቱ አለቃ (ለሁለቱም ከተራ ቁጥር 10 በስተቀር)