ስለ መጋዙ መከለያና ስለ ስብሰባችን ደወል

…ብረቱን በመዶሻ የመታው ማን እንደነበረ ለመናገር እስከ ዛሬ አልደፈርኩም፤ ግማሾቻችን እንቅልፍ ወስዶን ነበርና የጠየቀም የለም። ክቡር የወርክሾፓችን የበጎ ፈቃድ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆይ፣ ከሰላምታ በፊት ትዝታ በማስቀደሜ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ጤናዎ፣ ጉሮሮዎና በተለይም ያ የማይዝለው ቀኝ ክንድዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ስብሰባ በሌለባቸው ቀናት ደህና ነን።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የእንጨት መጋዛችን የሠራተኛውን ጣት ከጥርሱ የሚለይ የብረት መከለያ ነበረው። ብሎኑ ላልቶ ሊጠገን ተፈትቶ በስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ሳለ አንድ ሰው በመዶሻ ነካው። ድምፁ ክፍሉን ሞላ፤ ሁላችንም ነቃን። እርስዎም ፊትዎ በርቶ «ስብሰባችን ያጣው ይህን ነው» አሉ። መከለያው በዚያው ዕለት በሽቦ ታስሮ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። እነሆ አራት ወር እሱ ደወል ሆኖ ያገለግላል፤ መጋዙም አራት ወር ጥርሱን አግጥጦ ይሠራል።

ስብሰባዎቻችን ላይ ሕይወት ስለዘሩባቸው ከልብ አመሰግናለሁ። ሆኖም ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

፩. በአዲሱ ደንብዎ መሠረት አሰልቺ ጉዳይ የሚያነሳ አባል ደወል ይመታበታል። መከለያው ወደ ቦታው ይመለስ ብዬ ሦስት ጊዜ ስናገር፣ ሦስቱንም ጊዜ በዚያው በመከለያው ተመታብኝ። ድምፁ ያማረ መሆኑን አልክድም።

፪. ቃለ ጉባኤ የሚይዙልን ትጉህ ጡረተኛ መምህርት፣ ንግግሬን «አባሉ ስለ ደወሉ ያላቸውን አድናቆት ገለጹ» ብለው መዝግበውልኛል። ላሳርም ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። የጸደቀ ቃለ ጉባኤ የሚታረመው በስብሰባ ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። በስብሰባ አነሳሁት። ደወሉ ተመታ።

፫. በምትኩ እንዲሰቀል አሮጌ የመኪና ቸርኬ ተሸክሜ መጣሁ። እርስዎም ወዲያው የድምፅ ጥራት ንዑስ ኮሚቴ አቋቋሙልኝ። ንዑስ ኮሚቴው አንድ ጊዜ ተሰብስቦ፣ ሰብሳቢ መርጦ፣ ተጨብጭቦለት ተበትኗል። ቸርኬው የስብሰባውን ክፍል በር እንዳይዘጋ ደግፎ ይዟል፤ ከሁላችን ሥራ ያለው እሱ ነው።

፬. አራተኛውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በመጋዙ ላይ በየቀኑ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ናት። የሰፈሩን ወንበርና አልጋ የምትጠግን፣ አንድም ቀን ስብሰባ ረግጣ የማታውቅ። ባለፈው ሳምንት ጥርሱ የግራ አመልካች ጣቷን ጫፍ ነካው። ነካ ብቻ ነው ትላለች። በጨርቅ ጠቅልላው ሥራዋን ቀጠለች። እስኪወሰን መጋዙ ይቁም ብላት፣ የጀመረችው የአንድ ሕፃን አልጋ እንዳለ ነገረችኝና ሳትቆጣ «ወንድምዬ፣ እናንተ ስትጨርሱ ንገረኝ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ ሆኜ፣ ከሥራችን ካለው ወርክሾፕ የመጋዙ ድምፅ ሲቆም ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ሲጀምር እተነፍሳለሁ። ተሳትፎ የሚሉት ይህ ከሆነ፣ እንደ እኔ ያለ ተሳታፊ አያገኙም።

ራስህ ለምን አታወርደውም ይሉኝ ይሆናል። እጄ ሁለት ጊዜ ሽቦው ድረስ ደርሶ ተመልሷል። ያለ ውሳኔ የኮሚቴ ንብረት አይነካም ይላል ነባሩ ደንባችን። ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

ስብሰባችን እንዲደምቅ ለሚደክሙት ለእርስዎ ያለኝን፣ በሰዓት የማይገደብ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ የማይተላለፍና በድምፅ ብልጫ የማይሻር አክብሮት ዳግም እየገለጽኩ፣

ዘወትር ከኋላ ወንበር፣
አናጺው የኮሚቴ አባልዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን የጻፍኩት በስብሰባው ክፍል ተቀምጬ ነው። ያን ዕለት መዶሻውን ይዤ የነበርኩትም እኔ ነኝ። ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ከሥር መጋዙ ቆመ። ጠበቅሁ። አልጀመረም። ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማና እህቴ በደህናው እጇ ፒንሳ ይዛ ገባች። እኔንም ወረቀቱንም አላየችም። ሽቦውን ቆረጠች፤ መከለያውን ብብቷ ሥር ሸጎጠች። ስለዚህ ለማክሰኞው ስብሰባ የሚመታ ነገር ካስፈለገዎ እኔ አለሁልዎ፤ አራት ወር ለምጄዋለሁ። ስትወጣ ቸርኬውን በእግሯ ገፋ አደረገችው። በሩ ተዘጋ።