የመጋዘኑ ጥግ

ኅዳር 7፣ ጠዋት 2 ሰዓት
ጸሎት አደረስኩ። ቂጣ በሻይ። ጉልበቴ ዛሬም አልታጠፍ ብሏል። የሚስተር ዳንከን ልጆች ከስኮትላንድ መጥተዋል። አባታቸው እዚህ አቃቂ ሃያ ዓመት በመሐንዲስነት ሲሠራ ካቦው እኔ ነበርኩ። ልጆቹን አዝያቸዋለሁ፤ አሁን ሁለቱም አርክቴክት፣ ሁለቱም ሽበታም። አባታቸው የሠራው አሮጌ መጋዘን ሳይፈርስ ሊለኩት ነው። የአባታቸውን የሥራ ታሪክ ይጽፋሉ።

ኅዳር 8፣ ከሰዓት
ተቃጠልኩ፣ ደብተሬ። ትልቁ የመጋዘኑን የተሰነጠቀ ጥግ እየደባበሰ ሳቀ። «ጋሼ ተሰማ፣ አባባ ጥሩ ሰው ነበር፤ መሠረት ግን አያውቅበትም» አለኝ። ትንሹም ቀጠለ፦ ከሥራ ያስባረረው ይሄ ስንጥቅ ነው፣ አገሩ ገብቶ አንድ ግድግዳ አላቆመም፣ ት/ቤት ሒሳብ ሲያስተምር ሞተ። ይህንኑ ሊጽፉ። በገዛ አባታቸው ላይ። ውሃውን ማን ሳበልን? ድልድዩን ማን ሠራልን? ሻዬን ሳልጨርስ ጥያቸው ሄድኩ። ባለጌዎች።

ኅዳር 9
አልበረደልኝም። ትንሹ ደወለ፣ አላነሳሁም። ጎረቤቴ ወ/ሮ አስካለ ምን ነካዎት ቢሉኝ ጮኽኩባቸው። ምን አደረጉኝ? ዳዊቴን ከፈትኩ። «ለባልንጀራውም በሽንገላ ያልማለ» የሚለው መስመር ላይ ተቸክዬ ቀረሁ።

ኅዳር 10
በማን ነው የምናደደው? እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ።
ያን ጥግ የቆፈርነው በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነው። አፈሩ መረሬ፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እስከ አለቱ መውረድ ግድ ነው። አንድ ክንድ ሲቀረን የሠራተኛው ልብ ለበዓሉ ሸፈተ። የኔም። ቁፋሮውን እዚያው ላይ ተውነው። ሚስተር ዳንከን ጉድጓዱን ወግቶ አለት መኖሩን የሚፈትሽበትን ብረት ይዞ መጣ። አለቱ ጋ ደረሳችሁ? አለ። ደርሰናል፣ አልኩ። «ሚካኤልን በል» አለኝ። ሚካኤልን አልኩ። ብረቱን ሳያወርድ ተመለሰ። ከኛ ጋር ኖሮ ኖሮ ማተብ የሚያምን ፈረንጅ። ሲያባርሩት፣ ካቦዬ ምሎልኝ ነው አላለም። ስሜን አልጠራም።
ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ጻፍለት እንዳለች ሞተች። አልጻፍኩም። በየዓመቱ ግን ሚካኤልን አነግሣለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ኅዳር 11፣ ከሰዓት
ለትንሹ ደወልኩ። ሳትለኩት የቀረ ነገር አለ፣ ነገ ጠዋት መጋዘኑ ጋ ኑ አልኩት። «ነገ ሚካኤል አይደል እንዴ ጋሼ?» አለኝ። እዚሁ ነው ያደገው፣ አልረሳም። ነው፣ አልኩት።
ከጥጉ ጎን እቆፍራለሁ። ከመሠረቱ ሥር አለት እንደሌለ በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያ ማን እንደማለ እነግራቸዋለሁ። ስሜንም ይጻፉት።
በሚካኤል አፈር አይቆፈርም፣ አውቃለሁ። ዶማውን ከአልጋ ሥር አውጥቼ በሩ ላይ አቆምኩት።